ቁልቁለት ግቢን ማልማት፦ መጀመሪያ ውኃው፣ ቀጥሎ ካቡ፣ መጨረሻ ተክሉ

ቁልቁለት ግቢ የገጠመው ሰው መጀመሪያ የሚመጣለት ሐሳብ መደልደል ነው። ከላይ ይቆረጣል፣ ወደ ታች ይሞላል፣ ሜዳ ይሆናል። ወረቀት ላይ ቀላል ነው። መሬቱ ላይ ግን የተቆረጠው ወገን ድጋፉን ያጣ ገደል፣ የተሞላው ወገን ደግሞ ገና ያልረጋ የአፈር ክምር ሆኖ ይቀራል፤ የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ሁለቱንም ይፈትናቸዋል። እኔም ተፈትኜ ወድቄያለሁ። የመጀመሪያ ካቤን ከአንድ ሜትር በላይ አቁሜ፣ ፊቱን አሳምሬ፣ ከኋላው ግን ከጉድጓዱ ያወጣሁትን ጭቃማ አፈር መልሼ ሞላሁበት። አንድ የዝናብ ወቅት አሳለፈ። በሁለተኛው ሆዱ ተነፋ፤ ከዚያ በአንድ ሌሊት ተኛ። የድንጋዩ ጥፋት አልነበረም። የገፋው ከኋላው መውጫ አጥቶ የታሰረው ውኃ ነው።

ከዚያ ወዲህ ቅደም ተከተሌን ገለበጥኩት። ብዙ ሰው ከአበባው ወይም ከድንጋዩ ይጀምርና ውኃው ሲያስቸግረው ቦይ ይቆፍራል። እዚህ የሚከተለው አካሄድ ውኃውን ያስቀድማል፤ ካቡን በመካከል፣ ተክሉን በመጨረሻ ያመጣል።

ከመቆፈር በፊት

ዶማ ከማንሳትዎ በፊት ቢያንስ አንድ ጥሩ ዝናብ ይጠብቁ፤ ሲዘንብም ጃንጥላ ይዘው ይውጡ። ውኃው ከየት ወደ ግቢዎ እንደሚገባ፣ የት እንደሚሰበሰብ፣ የት ላይ ፍጥነት እንደሚያገኝ፣ የት ላይ ጠርቶ መጥቶ የት ላይ እንደሚደፈርስ ይመልከቱ። የሚደፈርስበት ቦታ አፈርዎ የሚሄድበት ቦታ ነውና ችካል ይትከሉበት። እነዚህን ችካሎች በኋላ በደረቅ ቀን ሲያዩዋቸው፣ በዓይን ግምት ፈጽሞ የማይገኝ ካርታ ሆነው ያገኟቸዋል።

የጣሪያውንም ውኃ አይርሱ። በ1 ካሬ ሜትር ላይ የሚወርድ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ሊትር ነው። 100 ካሬ ሜትር ስፋት ያለው ጣሪያ 30 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲያርፍበት 3,000 ሊትር ያህል ይሰበስባል፤ ይህ ሁሉ በአንድ ወይም በሁለት አሸንዳ አፍ በኩል ቁልቁለቱ አናት ላይ ይፈስሳል። በብዙ ግቢ ውስጥ አፈሩን የሚቦረቡረው ከሰማይ በቀጥታ የወረደው ሳይሆን ይህ ነው።

ቀጥሎ ዳገቱ ራሱ የሚንቀሳቀስ መሆን አለመሆኑን ያጣሩ። አናቱ ላይ እንደ ማጭድ የታጠፈ ስንጥቅ፣ ግርጌው ላይ ያበጠ መሬት፣ በደረቅ ወቅት እንኳ የማይደርቅ እርጥብ ቦታ፣ ወደ ታች ያዘነበለ አጥር፣ ግንዱ ከሥሩ ወደ ቁልቁለቱ ጎብጦ ከዚያ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ያደገ ዛፍ፤ እነዚህ ሁሉ አፈሩ ቀስ እያለ እየተንሸራተተ እንደሆነ ይናገራሉ። አንድ የጎበጠ ዛፍ ብቻውን ብዙ ላይናገር ይችላል። ሁለት ሦስት ምልክት አንድ ላይ ካዩ ግን ይህን መመሪያ አጥፈው የአፈርና የመሠረት መሐንዲስ ይጥሩ። የሚንሸራተትን ዳገት በካብና በሣር ማቆም አይቻልም፤ እግሩን መቆፈርም ያባብሰዋል።

ስለ አፈሩ ዓይነት ሁለት ቀላል ሙከራዎች ይበቃሉ። አንደኛው የጠርሙስ ሙከራ ነው፦ የጠርሙሱን ሲሶ በአፈር፣ ቀሪውን በውኃ ሞልተው በደንብ ይነቅንቁት። አሸዋው በደቂቃ ውስጥ ይቀመጣል፤ ደለሉ ሰዓታት ይፈልጋል፤ ሸክላው አንድ ቀንና ከዚያ በላይ ይቆያል። የየድርቡ ውፍረት የአፈርዎን ስብጥር ያሳያል። ሁለተኛው የ30 ሴንቲ ሜትር ጉድጓድ ቆፍሮ በውኃ መሙላት፣ ሲሰርግ እንደገና መሙላትና የሚወርድበትን ፍጥነት መለካት ነው። በሁለተኛው ሙሌት ውኃው በሰዓት 1 ሴንቲ ሜትር እንኳ ካልወረደ፣ በዚያ መሬት ላይ ውኃን አስርጎ ማስቀረት የሚባለውን ሐሳብ ይተዉት፤ ማስወጣትን ያስቡ። ሲደርቅ የሚሰነጠቅ፣ ሲረጥብ የሚያብጥ ኮትቻ አፈር ከሆነ ደግሞ በየዓመቱ ካብ የሚገፋ ጎረቤት አለዎት ማለት ነው፤ ከካቡ ጀርባ በምንም ምክንያት አይመልሱት።

ቁልቁለቱን መለካት

ቀጥ ያለ የ2 ሜትር ጣውላ፣ ውኃ ልክና ሜትር ይበቃል። የጣውላውን አንድ ጫፍ ከላይ በኩል መሬት ላይ ያሳርፉ፤ ሌላውን ጫፍ ውኃ ልኩ አግድም ነው እስኪል ድረስ ያንሱት፤ ከዚያ ከተነሣው ጫፍ እስከ መሬት ያለውን ቁመት ይለኩ። 80 ሴንቲ ሜትር ከሆነ፣ 80 ለ200 ሲካፈል 40 በመቶ ቁልቁለት ነው። ከላይ እስከ ታች ጣውላውን እያስቀጠሉ ይህንኑ ይድገሙና የግቢውን ጎን በካሬ ወረቀት ላይ ይሳሉት። ቁልቁለቱ ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት የሚሆንበት ግቢ እምብዛም የለም። ሥዕሉ የትኛው ክፍል ሥራ እንደሚፈልግና የትኛው እንዳለ ሊተው እንደሚችል ይነግርዎታል።

መቶኛና ዲግሪ እንዳያምታቱ። 100 በመቶ ማለት 45 ዲግሪ እንጂ ቀጥ ያለ ግድግዳ አይደለም። በመቶኛው መሠረት ስንሄድ፣ እስከ 33 በመቶ ድረስ፣ ማለትም በየ3 ሜትሩ 1 ሜትር እስከሚወርድበት፣ ሣር ይዞ መቆየትና ማጨድ ይቻላል፤ ከዚያ በላይ የሣር ማጨጃ ማሽን መግፋት አደጋ ነው። ከ33 እስከ 50 በመቶ ባለው ቁልቁለት ካብ ሳያስፈልግ መሬት በሚሸፍኑ ተክሎችና በቁጥቋጦ ብቻ ማስተዳደር ይቻላል። ከ50 በላይ ሲሆን እርከን ወይም ሌላ ደጋፊ ግንባታ ይፈልጋል። እነዚህ ቁጥሮች ግምታዊ ናቸው፤ የለሰለሰ አሸዋማ አፈር ቀደም ብሎ ይሸነፋል፣ አለታማው ደግሞ ከዚያ በላይ ይችላል።

አሁን እኩል ከፍታ ያላቸውን ነጥቦች የሚያገናኝ መስመር መሬቱ ላይ ማውጣት ያስፈልጋል፤ ቦዩም ካቡም ተክሉም የሚከተሉት ይህን ነው። ለዚህ የድንኳን ምሰሶ የመሰለ መለኪያ በግማሽ ሰዓት ይሠራል። ሁለት እኩል የ2 ሜትር እንጨቶች አናታቸው ላይ ይያያዛሉ፤ እግሮቻቸው 2 ሜትር ያህል ይራራቃሉ፤ መካከል ላይ አግድም እንጨት ይመታባቸዋል። ከአናቱ ጫፉ ላይ ድንጋይ የታሰረበት ሲባጎ ይንጠለጠላል፤ ድንጋዩ ከአግድሙ እንጨት በታች መውረድ አለበት። መለኪያው ሐቀኛ እንዲሆን እግሮቹ በቆሙበት ሁለት ችካል ይምቱና ሲባጎው አግድሙን እንጨት የሚነካበትን በእርሳስ ያመልክቱ። ከዚያ እግሮቹን አቀያይረው በእነዚያው ችካሎች ላይ ያቁሙትና እንደገና ያመልክቱ። የሁለቱ ምልክቶች እኩሌታ ትክክለኛው ነጥብ ነው፤ ሲባጎው እዚያ ሲያርፍ ሁለቱ እግሮች እኩል ከፍታ ላይ ቆመዋል።

መለኪያውን እንደ ኮምፓስ እያዞሩ በቁልቁለቱ አግድም ይሂዱ፤ እግሩ ባረፈበት ሁሉ ችካል ይትከሉ። የሚወጣው መስመር ቀጥ ያለ አይሆንም፤ ይታጠፋል፣ ይገባል፣ ይወጣል። በጣም የተሰበረውን ጥቂት ያለስልሱት እንጂ በገመድ ወጥረው ቀጥ አያድርጉት። ቀጥ ያለ ካብ በተጠማዘዘ ዳገት ላይ አንዱ ጫፉ ተቀብሮ ሌላው ተንጠልጥሎ ይቀራል።

ለውኃው መንገድ ማውጣት

ከቤቱ ይጀምሩ። ከግድግዳው ወደ ውጭ በመጀመሪያዎቹ 3 ሜትሮች ውስጥ መሬቱ ቢያንስ 15 ሴንቲ ሜትር መውረድ አለበት። ቤቱ ከዳገቱ ግርጌ ከሆነ መሬቱ ወደ ቤቱ ያዘነብላልና፣ በቤቱና በዳገቱ መካከል ሰፋ ያለ ቦይ አውጥተው ውኃውን በሁለቱ ጎኖች ያዙሩት።

ከዚያ ወደ ቁልቁለቱ አናት ይውጡና ከላይ የሚመጣውን ውኃ የሚቀበል ማፋሰሻ ቦይ ይቆፍሩ። ልኩ በየሜትሩ 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ማለት ነው። ከዚያ በጣም ከበለጠ ቦዩ ራሱ ይቦረቦራል፤ በጣም ካነሰ ደለል ይሞላውና ውኃው በአንድ ደካማ ቦታ ላይ ተሻግሮ ይወርዳል፤ ያኔ ቦዩ ባይኖር ይሻል ነበር። ጠባብና ጥልቅ ቦይ አይሥሩ። ሰፊ፣ ጥልቀቱ አነስተኛ፣ ጎኖቹ የተንጣለሉ ይሁን፤ ያኔ ሣር ይይዛል፣ ሰው ይሻገረዋል። የሚወጣው አፈር ሁሉ ከታች በኩል እንደ ክትር ይደረደርና በደንብ ይረገጣል።

አንዳንዶች ቦዩን ፍጹም አግድም አድርገው ውኃው እዚያው እንዲሰርግ ያደርጋሉ። ለተክል ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ቁልቁለቱ መለስተኛ፣ አፈሩም ውኃ የሚያሰርግ ሲሆን ብቻ ነው። በቆመ ዳገት ላይ፣ በሸክላ አፈር ላይ ወይም ከቤት በላይ ይህን ማድረግ ዳገቱን ውኃ አጠጥቶ ማክበድ ነው። የታቀበ ውኃ ሁሉ በረከት ነው ከሚሉት ወገን አይደለሁም።

የተሰበሰበው ውኃ በአንድ ቦታ ወደ ታች መውረድ አለበት። የጣሪያው ውኃ በተዘጋ ቱቦ ቢወርድ ይመረጣል። ለቦዩ ውኃ ደግሞ በድንጋይ የተነጠፈ፣ እንደ ደረጃ የሚወርድ መውረጃ ይሠራል፤ እያንዳንዱ እርምጃ የውኃውን ጉልበት ይሰብራል። ድንጋዮቹ በመካከል ዝቅ፣ በዳርና ዳር ከፍ ይበሉ፤ አለበለዚያ ውኃው ድንጋዩን ትቶ በጎን አዲስ መንገድ ይቆፍራል። የቱቦውም ሆነ የመውረጃው አፍ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ትልልቅ ድንጋይ ይነጠፍ። መጨረሻው የት እንደሆነ አስቀድመው ይወቁ። ተሰብስቦ፣ ጉልበት አግኝቶ በጎረቤት አጥር ሥር የሚለቀቅ ጎርፍ ጠብና ክስ ያመጣል፤ ተጎጂው ተቆጥቶ ከመጣ በኋላ ቦይ ማዞር ደግሞ ከባድ ነው።

እርከኖቹን ማስላት

እርከን ለመሥራት የወሰኑበትን ክፍል ብቻ ይውሰዱ፤ ሙሉውን ግቢ አይደለም። ስሌቱ ቀላል ነው፦ የካቡ ቁመት ለቁልቁለቱ ሲካፈል ከአንዱ ካብ እስከ ቀጣዩ ያለውን ርቀት ይሰጣል። 40 በመቶ ቁልቁለት ላይ 80 ሴንቲ ሜትር ካብ ቢያቆሙ፣ 80 ለ0.4 ሲካፈል 2 ሜትር ነው። ስለዚህ በ6 ሜትር ርቀት 2.4 ሜትር የሚወርድ ግቢ በሦስት ካቦች ሦስት እርከን ይሆናል።

አንድ 2.4 ሜትር ካብ ሠርቼ አንድ ሰፊ ሜዳ ባገኝስ? ይህ ጥያቄ ሁልጊዜ ይነሣል። አፈር ካብን የሚገፋበት ኃይል ከቁመቱ ጋር እኩል አያድግም። ቁመቱ እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ፣ ካቡን ወደ ፊት የሚገለብጠው ጉልበት ደግሞ ስምንት እጥፍ ይሆናል። ቁመቱ ሦስት እጥፍ ሲሆን ግፊቱ ዘጠኝ እጥፍ ነው። ሦስት አጫጭር ካቦች ከአንድ ረጅም ካብ የሚሻሉት ለዚህ ነው፤ አንዱ ቢወድቅ እንኳ የሚወድቀው 80 ሴንቲ ሜትር ነው። ነገር ግን ካቦቹ ከተቀራረቡ የላይኛው ክብደት በታችኛው ላይ ያርፍና ሁሉም እንደ አንድ ረጅም ካብ ይሆናሉ። በመካከላቸው ያለው ርቀት ከታችኛው ካብ ቁመት ቢያንስ እጥፍ ይሁን። በምሳሌያችን የካቡ ውፍረት 40 ሴንቲ ሜትር ቢሆን 1.6 ሜትር ይቀራል፤ በልኩ ነው፣ ትርፍ ግን የለውም።

እርከኑ እንደ ወለል የተስተካከለ መሆን አለበት ያለም የለም። 10 በመቶ ዘመም ብሎ ቢቀር፣ በ2 ሜትር ውስጥ 20 ሴንቲ ሜትር ስለሚወርድ፣ ካቡ በ80 ፈንታ 60 ሴንቲ ሜትር ይበቃዋል። የድንጋዩ ሩብ ተረፈ ማለት ነው። ወንበርና ጠረጴዛ የሚቀመጥበትን አንዱን ብቻ ያስተካክሉ፤ እሱም ቢሆን ውኃ እንዳይቆምበት በየሜትሩ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ማፋሰሻው ያዘንብል።

ቁፋሮው

ውኃው ከላይ ይጀመራል፣ ካቡ ግን ከታች። የታችኛውን ካብ መጀመሪያ ያቆማሉ፤ ከዚያ በላይ ያለው ሲቆረጥ አፈሩ ወደ ታች ተጥሎ ከካቡ በስተጀርባ ያለውን ይሞላል፤ በየደረጃው እንዲህ እያሉ ይወጣሉ። አፈርን ወደ ላይ መሸከም የሚያስገድድ ዕቅድ ካወጡ እንደገና ያስቡ።

ከሁሉ በፊት ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ያለውን የላይ አፈር ገፍፈው ለብቻ ያስቀምጡ። ጥቁሩ፣ ሥር የበዛበት፣ ሕይወት ያለው አፈር ይህ ነው፤ ከታች ከሚወጣው ጋር ከተቀላቀለ እርከንዎ ለዓመታት የታመመ ተክል ያበቅላል። የሚሞላው አፈር በተዳፋቱ ላይ በቀጥታ አይፈስስ፤ ሣሩ ተነሥቶ መሬቱ እንደ ደረጃ ይቆረጥ፣ አዲሱ አፈር የሚጨብጠው እንዲያገኝ። በየ15 ወይም 20 ሴንቲ ሜትሩ እየጠቀጠቁ ይሙሉ። ሁሉንም ደፍቶ ከላይ መርገጥ የላይኛውን ብቻ ያጠብቃል። የተቆፈረ አፈር በግምት በሩብ ያህል እንደሚያብጥም ያስታውሱ፤ ክምሩ የበዛ የሚመስለው ለዚህ ነው፣ ሲጠቀጠቅ ይመለሳል።

ሁለት ነገሮች ሕይወት ያስከፍላሉ። አንደኛው የቤት መሠረት አጠገብ መቆፈር ነው፤ ከመሠረቱ ታችኛ ጫፍ በ45 ዲግሪ ወደ ታች የሚወርድ መስመር ያስቡና ቁፋሮዎ ከዚያ መስመር በታች ፈጽሞ አይግባ። ሁለተኛው ቀጥ ብሎ ከተቆረጠ ከፍ ያለ አፈር ሥር ቆሞ መሥራት ነው። አንድ ሜትር ኩብ አፈር ከአንድ ቶን ተኩል በላይ ይመዝናል፣ ሲናድም አያስጠነቅቅም። ከአንድ ሜትር በላይ የሚቆርጡ ከሆነ ጎኑን ያጋድሙት ወይም ይደግፉት። የኤሌክትሪክ፣ የውኃና የፍሳሽ መስመር የት እንዳለም ሳያረጋግጡ አይጀምሩ።

ካቡ

ያለ ሲሚንቶ የሚካብ የድንጋይ ካብ ለግል ግቢ የምመርጠው ነው። ውኃ ያሳልፋል፣ መሬቱ ጥቂት ሲንቀሳቀስ አብሮ ይንቀሳቀሳል፣ ሲበላሽ ፈርሶ በዚያው ድንጋይ ይካባል። በሲሚንቶ የተያያዘ ግንብ ጠንካራ ነው፤ ሆኖም መሠረቱ ጥቂት ከሰመጠ ይሰነጠቃል፣ ውኃም ያግዳል። እሱን ከመረጡ በየ1.5 እስከ 2 ሜትሩ ግርጌው ላይ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋት ያላቸው የውኃ መውጫ ቀዳዳዎች የግድ ናቸው። በሽቦ ሣጥን ውስጥ ድንጋይ የሚሞላበት ጋቢዮን ለመልክ ካልተጨነቁ ከሁሉ የሚቻል ነው። እንጨት ይበሰብሳል፤ ጊዜው ብቻ ነው የሚለያየው።

ለ80 ሴንቲ ሜትር ካብ እንዲህ ይሥሩ። ከ40 እስከ 50 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ጉድጓድ፣ ጥልቀቱ 20 ሴንቲ ሜትር ወይም ጠንካራ መሬት እስኪገኝ ድረስ፣ በመስመሩ ላይ ይቆፈር። የካብ ግርጌ ስፋት ከቁመቱ ግማሽ በታች መሆን የለበትም። የጉድጓዱ ወለል ወደ ዳገቱ ጥቂት ያዘንብል። ትልልቆቹ ድንጋዮች ለመሠረት ይውላሉ፤ ሲቆሙበት መነቃነቅ የለባቸውም። የካቡ ፊት በየ6 ሴንቲ ሜትር ከፍታ 1 ሴንቲ ሜትር ወደ ዳገቱ ይደገፍ፤ 80 ሴንቲ ሜትር ላይ ሲደርስ 13 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ኋላ ሄዷል ማለት ነው። ይህን በዓይን ለመጠበቅ መሞከር ከንቱ ድካም ነው፤ በሁለቱ ጫፎች በዚህ ልክ ያዘነበለ እንጨት ተክለው በመካከላቸው ሲባጎ ይወጥሩ፣ እየካቡም ሲባጎውን ከፍ ያድርጉት።

አደራደሩ ላይ ሰው ሁሉ የሚሳሳተው በአንድ ነገር ነው፦ የድንጋዩን ሰፊና የሚያምር ጎን ወደ ውጭ ያዞራል። ረጅሙ ጎን ወደ ካቡ ውስጥ መግባት አለበት፤ ወደ ውጭ የሚታየው ጭንቅላቱ ብቻ ነው። እያንዳንዱ ድንጋይ ከሥሩ ባሉት ሁለት ድንጋዮች ላይ ይረፍ፤ ስንጥቅ ከስንጥቅ ጋር ከላይ እስከ ታች ከተገጣጠመ ካቡ በዚያ ይከፈታል። ውስጡ በትንንሽ ድንጋይ እየተጠቀጠቀ ይሞላ እንጂ በአፈር አይደፈን። ወገቡ ላይ ሲደርሱ በየሜትሩ አንድ ረጅም ማሰሪያ ድንጋይ ከፊት እስከ ጀርባ ያስገቡ። ከባድና ሰፊ ድንጋዮችን ለአናቱ አስቀድመው ይለዩ፤ መጨረሻ ላይ የሚቀረው ጠጠር ብቻ እንዳይሆን።

ጀርባው ከፊቱ ይበልጣል። ካቡ ከፍ ባለ ቁጥር ከኋላው 30 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ንጹሕ ጠጠር አብሮ ይነሣ። በጠጠሩና በአፈሩ መካከል ውኃ የሚያሳልፍ፣ አፈር የማያሳልፍ የጂኦቴክስታይል ጨርቅ ይዘርጋ፤ አለበለዚያ ደለሉ ጠጠሩን በጥቂት ዓመታት ይደፍነዋል። ጠጠሩ ግርጌ ላይ 10 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቀዳዳማ ቱቦ በየሜትሩ 1 ሴንቲ ሜትር እያዘነበለ ይተኛና አፉ በካቡ ጫፍ ወደ ውጭ ይውጣ። የላይኛው 15 ወይም 20 ሴንቲ ሜትር በጨርቁ ተሸፍኖ በአፈር ይደፈን፤ ጠጠሩ የተሠራው የሰረገውን ውኃ ለማስወጣት ነው እንጂ የላዩን ጎርፍ ለመዋጥ አይደለም። ይህን ሁሉ እኔ በመጀመሪያው ካቤ ላይ አልሠራሁም ነበር።

በራስዎ እጅ ከ1 ሜትር አይለፉ። ከ1.2 ሜትር አካባቢ ጀምሮ በብዙ ቦታ የመሐንዲስ ስሌትና ፈቃድ ይጠየቃል። ከካቡ በላይ መኪና የሚቆም ወይም ቤት ያለ ከሆነ ግን ቁመቱ ከዚያ ቢያንስም መሐንዲስ ያማክሩ፤ ግፊቱ የአፈሩ ብቻ አይደለምና።

ደረጃና መንገድ

ደረጃው ከካቡ ጋር አብሮ ይሠራል፤ ካቡ ካለቀ በኋላ የሚታሰብ ደረጃ ካብ ያስፈርሳል። ልኩን ለማግኘት በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ፈረንሳዊው አርክቴክት ፍራንሷ ብሎንዴል ከሰው እርምጃ ተነሥቶ ያወጣው ቀመር ዛሬም ይሠራል፦ የአንዱ ደረጃ ከፍታ በሁለት ተባዝቶ የመርገጫው ስፋት ሲደመርበት ከ60 እስከ 65 ሴንቲ ሜትር ይምጣ። ለደጅ ከፍታው 15፣ መርገጫው 34 ቢሆን 64 ይሆናል፤ ምቹ ነው። 2.4 ሜትር ለ15 ሴንቲ ሜትር ሲካፈል 16 ደረጃ፤ 16 በ34 ሲባዛ 5.44 ሜትር ርዝመት። በ6 ሜትራችን ውስጥ ይገባል፣ በመካከል ግማሽ ሜትር ማረፊያም ይተርፋል። ከ10 እስከ 12 ደረጃ በኋላ ማረፊያ ማስገባት ተገቢ ነው። ሁሉም ደረጃዎች እኩል ከፍታ ይኑራቸው፤ እግር ሳያይ ይቆጥራልና አንዱ በ2 ሴንቲ ሜትር ቢለይ ሰው ይጥላል። ከታች ይጀምሩ፤ የመጀመሪያው ድንጋይ ከፊሉ ይቀበር፤ እያንዳንዱ የላይኛው በታችኛው ጀርባ ላይ 5 ሴንቲ ሜትር ይረፍ፤ መርገጫው ወደ ፊት በጣም ጥቂት ያዘንብል፣ ውኃ እንዳይቋጥር።

ብስባሽና ድንጋይ በጋሪ ወደ ላይ እንዴት እንደሚወጣ ብዙ ሰው የሚያስበው ደረጃው ካለቀ በኋላ ነው። ጋሪ የሚገፋበት መንገድ 8 በመቶ ያህል ቁልቁለት ይፈልጋል፤ 2.4 ሜትር ለመውጣት 30 ሜትር መንገድ ማለት ነው፣ ያውም ዚግዛግ እየሠራ። ቦታ ከሌለዎት አይሞክሩ፤ ሸክሙን በአናት በኩል የሚያስገባ በር ይፈልጉ።

ተክሉ

ጊዜው ዝናቡ ጀምሮ መሬቱ ሲረጥብ ነው፤ ዶፉ ሲበረታ አይደለም። ያለውን አረም ሁሉ በአንድ ጊዜ መንቀል ትልቅ ስሕተት ነው፤ የማይወዱት ሣርም ቢሆን አፈሩን ይዞ ቆይቷል። በአግድም ቀበቶ ቀበቶ እየከፈሉ አንዱን አጽድተው ይትከሉ፤ እሱ ሲይዝ ወደ ሚቀጥለው ይለፉ።

ሥር እንደ ዓይነቱ ይሠራል። ሣር የላይኛውን አፈር በጥቅጥቅ ሥሩ ይሰፋል፤ ቁጥቋጦ ከዚያ በታች ይወርዳል፤ ዛፍ ይበልጥ ይሄዳል። ሦስቱን ማቀላቀል አንዱን ብቻ ከመትከል ይሻላል። ትልቅ ዛፍ ግን ከካብ አጠገብ አይተከልም፤ ሥሩ ድንጋዩን ይፈነቅላል፣ ነፋስ ሲወዘውዘውም ካቡን ይገፋል።

ካብ ሳይሠሩ ቁልቁለት ለማስተዳደር ለሚፈልግ ቬቲቨር ሣርን አስቀድማለሁ። ሥሩ ወደ ጎን ሳይሆን ቀጥ ብሎ ወደ ታች ይወርዳል፤ በተመቸው አፈር 3 ሜትርና ከዚያ በላይ ይጠልቃል። ግንጥሎቹን በእኩል ከፍታው መስመር ላይ ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር እያራራቁ ይተክሏቸዋል፤ ሲጠጋጉ አጥር ይሆናሉ፣ ውኃውን አጣርተው ያሳልፋሉ፣ ደለሉን ያስቀራሉ። ከዓመታት በኋላ ከአጥሩ በላይ ያለው መሬት ራሱን በራሱ እርከን ያደርጋል። በየ1 ሜትር ቁመት አንድ ረድፍ ቢኖር ለቆመ ዳገት ጥሩ ነው። ጥላና ጽኑ ውርጭ ግን አይወድም።

እያንዳንዱ ችግኝ የራሱ ትንሽ እርከን ይኑረው፦ ከኋላ ቆረጥ አድርገው፣ ያወጡትን አፈር ከታች በኩል እንደ ግማሽ ጨረቃ ይደልድሉት። የላይኛው ረድፍ ችግኞች በታችኛው ክፍተቶች አናት ላይ እንዲውሉ በሦስት ማዕዘን ይደርድሯቸው፤ ውኃ ቀጥ ያለ መውረጃ ማግኘት የለበትም። መሬት የሚሸፍኑ ተክሎች በየ33 ሴንቲ ሜትሩ ቢተከሉ ለ1 ካሬ ሜትር 9 ይበቃል። ድርቅ የሚችለውን ከላይ፣ ውኃ ወዳዱን ከታች ያድርጉ፤ እርጥበቱ ሁልጊዜ ወደ ታች ይሄዳል።

ባዶው አፈር በጉዝጓዝ ይሸፈን። የእንጨት ቅርፊት በመጀመሪያው ዝናብ ተንሳፍፎ ይሄዳል፤ ረዘም ያለ፣ እርስ በርሱ የሚጠላለፍ ገለባ ወይም የተቆራረጠ ሣር ይሻላል። ከ33 በመቶ በላይ ከሆነ የጁት ወይም የኮኮናት ቃጫ መረብ ይዘርጉበት። የመረቡ የላይ ጫፍ በ15 ሴንቲ ሜትር ቦይ ውስጥ ይቀበር፤ እንደ ጣሪያ ቆርቆሮ የላይኛው በታችኛው ላይ ይደረብ፤ ከመሬቱ ጋር እንዲጣበቅ በችንካር ይያዝ። መረቡ መሬቱን ሳይነካ ከተንጠለጠለ ውኃው ከሥሩ ይሾልካል፤ ያኔ ጉዳቱን እንኳ አያዩትም። የጁቱ መረብ በአንድ ሁለት ዓመት ውስጥ ይበሰብሳል፤ ተክሉ እስከዚያ መድረስ አለበት። ሲያጠጡም በዝግታ ይሁን፤ የጠብታ ቱቦ ካለ በአግድም ይዘርጉት፣ ቁልቁል ከዘረጉት ታችኛው ይጠግባል ላይኛው ይጠማል።

የመጀመሪያው ዓመት

ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል እንደሚባለው፣ የጣት ስፋት ያላት ፈሰስ በሦስት ዝናብ ቦረቦር ትሆናለች። ከእያንዳንዱ ከባድ ዝናብ በኋላ አካፋ ይዘው ይዙሩ። ትንንሽ ፈሰሶችን በድንጋይና በሣር ይድፈኑ፤ ቦዩ ውስጥ የተቀመጠውን ደለል አውጥተው ወደ ላይኛው እርከን ይመልሱ። የተሞላው አፈር መርጋቱ አይቀርም፤ የሰመጠውን ቦታ ካስቀመጡት የላይ አፈር ይሙሉ። በካቡ ፊት ላይ ሲባጎ ወጥረው በየጥቂት ወሩ ያስተያዩ፤ ሆዱ ከሲባጎው ከወጣ ቶሎ ፈትተው መካብ እንጂ ምሰሶ መደገፍ አያዋጣም።

ከሁሉም በላይ የካቡን ቱቦ አፍ ይመልከቱ። ዝናብ በዘነበ ማግሥት ጠርቶ የሚፈስስ ከሆነ ሥራው ይሠራል። ምንም ካልወጣ ተደፍኗል ወይም ውኃው ሌላ መንገድ ይዟል። ደፍርሶ የሚወጣ ከሆነ ግን ከካቡ ጀርባ አፈር እየሄደ ነው፤ ጨርቁ የተቀደደበትን ቦታ ፈልገው ከላይ ይክፈቱት፣ ዝናቡ እንደገና ከመመለሱ በፊት።